ስለ እጅ ሙያና ስለ መልካም ደመወዝ

፩

የቆቦ ሜዳ በተራሮች መካከል የተዘረጋ ሰፊ ምድር ነው። በምሥራቅ የዞብል ተራራ፥ በምዕራብም የላስታ ደጋ ከብበውት ይታያሉ። አፈሩ ወፍራም ስለ ሆነ ማሽላና ጤፍ ደኅና አድርጎ ያበቅላል፤ ነገር ግን ዝናቡ አይታመንም። ዘንድሮ በጊዜው ቢመጣ ለከርሞ ይዘገያል፤ ወይም መጥቶ ሳለ ማሽላው ሳያፈራ ይቋረጣል። ስለዚህ የራያ ቆቦ ገበሬ ከጥንት ጀምሮ ከደጋው በሆርማትና በጎሊና የሚወርደውን ጎርፍ በአፈርና በቅርንጫፍ እየጠለፈ ወደ እርሻው መምራትን ለመደ።

ጎርፍ መጥለፍ ጉልበት ብቻ የሚበቃው ሥራ አይደለም። ጎርፉ ብዙ ጊዜ በሌሊት ይመጣል፤ በጥቂት ሰዓትም ያልፋል። ጠለፋው የደከመ እንደ ሆነ ውኃው ሰብሮት ይሄዳል፤ የቦዩ አፍ ከልክ በላይ የሰፋ እንደ ሆነ ደግሞ ጎርፉ ገብቶ ማሳውን ይቆርጠዋል። ልኩን የሚያውቅ ሽማግሌ ግን በየት በኩል እንደሚጠለፍ፥ ቦዩም ምን ያህል እንደሚያዘቀዝቅ ዐይቶ ይናገራል፤ ብዙ ሰዎችም እርሱ እንዳላቸው ይሠራሉ። ይህ ሰው ኮሌጅ አልገባም፤ ሆኖም አዋቂ ነው። ዕውቀቱን ከአባቱና ከብዙ ክረምት ተማረው።

ዛሬ በዚሁ ሜዳ የሚያድግ ልጅ ስለ ወደ ፊት ኑሮው በተጠየቀ ጊዜ ብዙውን ጊዜ ሁለት መንገድ ብቻ ያያል። አንደኛው ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ዲግሪ መያዝ ነው። ሁለተኛው ከደላላ ጋራ ተስማምቶ፥ የአፋርን በረሃ አቋርጦ፥ ከጂቡቲ ዳርቻ በጀልባ ወደ የመን፥ ከየመንም ወደ ሳውዲ አረቢያ መሻገር ነው።

የፊተኛው መንገድ መልካም ነው፤ በሩ ግን ጠባብ ነው። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት ከ840,000 በላይ ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያገኙት 28,000 እንኳ አልሞሉም፤ ይህም ከመቶው ሦስት ያህል ነው። ከቀሩት አንዳንዶቹ የማካካሻ ትምህርት ተሰጥቷቸው ሁለተኛ ዕድል አገኙ፤ የሚበዙት ግን ወደ ቤታቸው ተመለሱ። በሩን አልፈው ዲግሪ ከያዙትም መካከል ሥራ አጥተው ከአባታቸው ቤት የተቀመጡ ብዙ ናቸው።

ሁለተኛው መንገድ ሰፊ ይመስላል፤ ነገር ግን በበረሃ በውኃ ጥም የቀሩትን፥ በባሕርም የሰጠሙትን ሰዎች እናቶቻቸው ያውቋቸዋል። ከደረሱትም ብዙዎቹ ፈቃድ ስለሌላቸው ተደብቀው ይኖራሉ። በ2006 ዓ.ም. ሳውዲ አረቢያ ፈቃድ የሌላቸውን ሠራተኞች ባስወጣች ጊዜ ከ160,000 የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ ከእነርሱም መካከል የለበሱትን ልብስ ብቻ ይዘው የመጡ ብዙ ነበሩ።

ሦስተኛ መንገድ አለ። በጣም ቅርብ ስለ ሆነ ዓይን ያልፈዋል። እርሱም አንድን የእጅ ሙያ እስከ ሥሩ መማር ነው።

፪

ደመወዝ ስለ ምን ይበዛል? ስለ ምንስ ያንሳል? ብዙ ሰው አብልጦ የሚደክም ሰው አብልጦ የሚከፈለው ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። በቆቦ ገበያ የማሽላ ጆንያ የሚሸከም ሰው ከጧት እስከ ማታ ላቡን ያፈስሳል፤ ከመካኒክ ይልቅ ይደክማል። ሆኖም የሚያገኘው ያንሳል። ይህም ጤና ያለው ሰው ሁሉ ሊሸከም ስለሚችል ነው፤ እርሱ አንድ ቀን ቢቀር ሌላው ወዲያው በቦታው ይቆማል። ተሸካሚው እንጀራውን በሐቅ የሚበላ ሰው ነውና ሊናቅ አይገባውም። ነገር ግን ላብ ብቻውን ደመወዝን እንደማያበዛ ከእርሱ ኑሮ ይታያል።

ደመወዝን የሚያበዙት ሦስት ነገሮች ናቸው። አንደኛው፥ ሥራውን የሚያውቁት ሰዎች ጥቂቶች መሆናቸው ነው። ሁለተኛው፥ ሥራው ሳይሠራ ቢቀር የሚደርሰው ጉዳት ብዙ መሆኑ ነው። ሦስተኛው፥ አሠሪው ሠራተኛውን ማመኑ ነው። ከእነዚህ ከሦስቱ አንዱም የኮሌጅ ወረቀት አይደለም። ወረቀት አንድ ሰው ማወቁን የሚናገር ምስክር ነው፤ መልካምም ምስክር ነው። ነገር ግን ቀጥ ብሎ የቆመ ግንብ፥ ሳይጎብጥ የሚዘጋ የብረት በር፥ ውኃ የሚያወጣ ሞተርም ምስክሮች ናቸው፤ እነርሱም አይዋሹም።

፫

ከቆቦ እስከ ግራና ባለው ሸለቆ በመሬት ውስጥ ብዙ ውኃ መኖሩ ስለ ታወቀ ጥልቅ ጉድጓዶች ተቆፍረዋል። ውኃውን የሚያወጣው ከጉድጓዱ ውስጥ በረጅም ቧንቧ ጫፍ የተንጠለጠለ የኤሌክትሪክ ሞተር ነው። በዚህም ውኃ ሽንኩርትና ቲማቲም፥ በቆሎና ልዩ ልዩ አትክልት ይመረታል። ሞተሩ ግን ይበላሻል። ኃይል ከሚያመጡለት ሦስት ሽቦዎች አንዱ ቢቋረጥ፥ ወይም ውኃው ጎድሎ ሞተሩ በባዶ ቢዞር፥ በውስጡ የተጠመጠመው የመዳብ ሽቦ ይቃጠላል። ያን ጊዜ የሚጠግነው ሰው ያስፈልጋል።

ለምሳሌ በዚህ አገር የሚኖር ሦስት ልጆች ያሉት አንድ ገበሬ ይታሰብ። ታላቁ ልጅ ወደ ሳውዲ ለመሄድ በተነሣ ጊዜ አባቱ ከሁለቱ በሬዎቹ አንዱን ሸጦ ለደላላው ከፈለለት። ከጥቂት ጊዜ በኋላ መካከለኛው ልጅ የ10ኛ ክፍልን ፈተና ስላላለፈ፥ «አባዬ፥ ለወንድሜ በሬ እንደ ሸጡለት ለእኔም ይሽጡልኝና ልሂድ» አለ።

አባቱም፥ «ልጄ፥ አንዱን በሬ ባሕር ወሰደው። ሁለተኛውም ቢሄድ በምን አርሳለሁ? ይልቅስ ከሞተር ጠጋኙ ዘንድ ሂድና ሥራ ተማር» ሲል መለሰለት። ልጁ አዘነ። ጓደኞቹም፥ «እስከ 10ኛ ክፍል ተምረህ የሰው ሞተር ልታጥብ ነውን?» ብለው ሳቁበት።

በመጀመሪያው ዓመት ሥራው በእውነት ማጠብ ነበረ። ቅባት የጠጣውን ብረት ያጥባል፥ መፍቻ ያቀብላል፥ ሌሊት መብራት ይይዛል። የሚያገኘውም ምሳውንና ጥቂት ብር ነበረ። ነገር ግን የእያንዳንዱን ብረት ስምና ጥቅም ያጠና ነበር። በሁለተኛው ዓመት ጌታው የመዳብ ሽቦ መጠምጠም አስተማረው። ይህ ሥራ ቁጥር የሚጠብቅ ነው፤ ዙሩ ሊበዛም ሊያንስም አይገባም። አንድ ቀን ልጁ እያወራ ሲጠመጥም ቁጥሩን ሳተ፤ ሞተሩም በተፈተነ ጊዜ ጢስ ወጣው። ሲስት ያየው ሰው አልነበረም። እርሱ ግን ወደ ጌታው ቀርቦ፥ «ጋሼ፥ ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ቁጥሩን ስቻለሁ» አለ።

ጌታውም ጥቂት ዝም ብሎ፥ «ሽቦ በገንዘብ ይገዛል፤ እውነተኛ ሠራተኛ ግን አይገዛም። ፍታውና እንደ ገና ጠምጥመው» አለው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጁ ዙሩን በደብተር እየጻፈ ይጠመጥም ጀመር። በትምህርት ቤት የተማረው ቁጥር ጥቅሙ በዚህ ታወቀው።

አራት ዓመት ካለፈ በኋላ በአንድ በጋ ጌታው ወደ ሌላ አገር ሄዶ ሳለ ገበሬዎች እየሮጡ መጡ። የጉድጓዳቸው ሞተር ቆሞ ነበር። ሽንኩርቱ ራስ መቋጠር የጀመረበት ጊዜ ስለ ሆነ በዚያ ፀሐይ ጥቂት ቀን ውኃ ቢያጣ የብዙ ቤት ድካም ይጠፋል። ሁሉም፥ «ሞተሩ ተቃጥሏል» ይሉ ነበር። ሞተሩን ለማውጣት ቧንቧውን በማንሻ መኪና አንድ በአንድ መሳብ ያሻል፤ ወጪውም ብዙ ነው። ወጣቱ ግን ሳያወጣ በፊት መለኪያውን አውጥቶ ወደ ሞተሩ የሚወርዱትን ሦስት ሽቦዎች መረመረ። ሦስቱም እኩል ሆነው ተገኙ። ስለዚህ ጉዳቱ ከታች ሳይሆን ከላይ መሆኑን ዐወቀ፤ የመቆጣጠሪያውን ሣጥን ከፍቶ ቢያይ አንዲት መገናኛ ተቃጥላ ነበር። እርስዋን ለወጠ፤ ከቀትር በኋላም ውኃው በቦዩ ወረደ።

«ሞተሩ ተቃጥሏል» ቢላቸው ኖሮ ሊያውቅበት የሚችል ሰው አልነበረም፤ ብዙ ገንዘብም ያገኝ ነበር። እርሱ ግን የተቃጠለችውን መገናኛ አሳይቶ የእርስዋን ዋጋና የድካሙን ብቻ ተቀበለ። በሚቀጥለው ወር የሌላ ጉድጓድ ገበሬዎች ስሙን እየጠሩ መጡ፤ ከእነርሱም በኋላ ሌሎች። ጥቂት ዓመት ካለፈ በኋላ ገቢው ዲግሪ ይዘው በመሥሪያ ቤት ከሚሠሩት ከብዙዎቹ ደመወዝ በለጠ። በዚያች ቀን የተወው ገንዘብ በብዙ እጥፍ ተመለሰለት።

ታላቅ ወንድሙ በ2006 ዓ.ም. ከተመለሱት ጋራ ባዶ እጁን መጣ። ለታናሹ መታዘዝ በፊት ከበደው፤ ኋላ ግን ኀፍረቱን ትቶ ቧንቧ በመሳብ ጀመረ፥ ከዚያም ብየዳ ተማረ። ታናሽ እኅታቸው ፈተናዋን በመልካም ውጤት ስላለፈች በወልድያ ዩኒቨርሲቲ የነርስነት ትምህርት ተማረች፤ ወንድሞችዋም የሚያስፈልጋትን ከእጃቸው ሥራ ከፈሉላት። የበሽተኛን ሕይወት የሚጠብቅ ሰው ያለ ትምህርት ቤት ሊያውቅ አይችልምና የእርስዋ መንገድ ትክክለኛ ነበረ። የወንድሞችዋም መንገድ ትክክለኛ ነበረ።

በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ጦርነት ወደ ቆቦ በደረሰ ጊዜ ብዙ ሰው ሞተ፤ ትምህርት ቤትና ሐኪም ቤት፥ የመብራት መሥመርና የውኃ ሞተርም ተጎዳ። የወንድማማቾቹም ሥራ ቤት ተዘረፈ። መፍቻውና መለኪያው፥ ሽቦውና የብየዳው መሣሪያ ሁሉ ሄደ። እጃቸው የተማረውን ግን የዘረፈ አልነበረም። ሰላም በሆነ ጊዜ መሣሪያ ተውሰው ሥራ ጀመሩ፤ በእቁብ ገንዘብም የራሳቸውን እንደ ገና ገዙ። በፈረሰ አገር አስቀድሞ የሚፈለገው የሚጠግን ሰው ነውና።

፬

ይህ መንገድ እንዲህ ከሆነ ስለ ምን ጥቂቶች ብቻ ይሄዱበታል? ዋናው ምክንያት ንቀት ነው።

በቀድሞ ዘመን ገበሬው ማረሻውን ከቀጥቃጩ ያስመታ ነበር፤ ልብሱን ከሸማኔው፥ ኮርቻውን ከፋቂው ይገዛ ነበር። ነገር ግን እነዚህን ሰዎች በሙያቸው እየጠራ ይሰድባቸው፥ ልጁንም አልድርላቸውም ይል ነበር። በቤተ ክህነትም ብራና የሚፍቅ፥ ቀለም የሚበጠብጥ፥ መጽሐፍ የሚደጉስ እጅ ባይኖር ኖሮ የሊቃውንቱ ትምህርት ለልጅ ልጅ ባልደረሰ ነበር። ዐፄ ምኒልክ ይህ ነገር አገርን እንደሚያደኸይ ስለ ተረዱ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ እንዲቀር በዐዋጅ ከለከሉ።

ከዐዋጁ በኋላ ከመቶ ዓመት የበለጠ ጊዜ አለፈ፤ ንቀቱ ግን ልብሱን ለወጠ እንጂ አልሞተም። ዛሬም እናት «ልጄ ዩኒቨርሲቲ ገባ» ስትል ድምፅዋን ከፍ ታደርጋለች፤ «ልጄ ብየዳ ይማራል» ስትል ግን ዝቅ ታደርጋለች። አባትም ለደላላ የሚከፈለውን ገንዘብ በሬ ሸጦ፥ ተበድሮም ያገኛል፤ ለመሣሪያ መግዣ ሲጠየቅ ግን «ከየት አመጣለሁ?» ይላል። በሬው ካልቀረ መሸጡ፥ ለደላላ ከሚሰጥ ይልቅ ለመሣሪያ ቢሰጥ አይሻልምን? የደላላው ገንዘብ አንድ ጊዜ ከተከፈለ አይመለስም፤ መሣሪያ ግን በየቀኑ ዋጋውን ይመልሳል።

፭

በሌላውም ዓለም ቢሆን ብዙ ታላላቅ ነገሮች ከሥራ ቤት ወጥተዋል። ማይክል ፋራዴይ የሚባል እንግሊዛዊ በፈረንጆች ቁጥር በ1791 ዓ.ም. ተወለደ። አባቱ ቀጥቃጭ ነበረ። ልጁም ድኻ ስለ ነበረ በ14 ዓመቱ ገደማ ከመጽሐፍ ጠራዥ ዘንድ ገብቶ ሰባት ዓመት ሙያ ተማረ። ሲጠርዝም መጻሕፍቱን ያነብብ ነበር። ኋላ ዩኒቨርሲቲ ሳይገባ ትልቅ ሊቅ ሆነ፤ በ1831 ዓ.ም. በፈረንጆች ቁጥር ማግኔት በተጠመጠመ ሽቦ ውስጥ ሲንቀሳቀስ ኤሌክትሪክ እንደሚወለድ አሳየ። በቆቦ ጉድጓድ ውስጥ የሚዞረው ሞተርና ለእርሱ ኃይል የሚያመነጨው መኪና ሁሉ በዚህ መጽሐፍ ጠራዥ ዕውቀት ላይ የቆሙ ናቸው።

በስዊስም አገር የመጀመሪያውን ትምህርት ከጨረሱ ወጣቶች ከሦስቱ ሁለቱ ያህል ወደ ሙያ ትምህርት ይገባሉ፤ ብዙዎቹም ከሳምንቱ አንድ ወይም ሁለት ቀን በትምህርት ቤት፥ የቀረውን በሥራ ቤት ያሳልፋሉ። ያ አገር ስለዚህ ድኻ አልሆነም።

በኢትዮጵያም ይህ በር ክፍት ነው። የቴክኒክና ሙያ ትምህርት በልዩ ልዩ ደረጃ ይሰጣል፤ ለቆቦ ልጅ ቅርብ በሆነችው በወልድያም ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ አለ። ደግሞም ሙያውን ከሥራ ቤት የተማረ ሰው በሙያ ብቃት ምዘና ተፈትኖ ቢያልፍ የማወቁን ማስረጃ ሊያገኝ ይችላል። ይህም ማለት መዛኙ «በየት ተማርህ?» ከማለት ይልቅ «ሠርተህ አሳይ» ይላል ማለት ነው። በሩም ለወንድ ብቻ የተከፈተ አይደለም። መለኪያ የሚያነብብ ዓይንና ሽቦ የሚጠመጥም ጣት ለሴት ልጅም ተሰጥቷታል።

፮

ነገር ግን ይህን ሰምቶ «እንግዲያስ ትምህርት ለምኔ ነው?» የሚል ልጅ ተሳስቷል። ልኬት የማያውቅ ግንበኛ ግንቡ ይጎብጥበታል። ማንበብ የማይችል ኤሌክትሪክ ሠራተኛ በሣጥኑ ላይ የተጻፈውን ማስጠንቀቂያ ሳያይ እጁን ይሰድዳል። ሒሳብ የማያውቅ ነጋዴ አትርፎ ሳለ ይከስራል። ኮሌጅ ሳይገቡ መልካም ደመወዝ ማግኘት ይቻላል፤ ሳይማሩ ማግኘት ግን አይቻልም።

ደግሞም ሙያ ሁሉ እኩል አይከፍልም። በአንድ መንደር አሥር ልብስ ሰፊዎች ካሉ አሥራ አንደኛው ጦሙን ያድራል። ስለዚህ ወጣቱ ጓደኛው የያዘውን ሳይሆን አገሩ የጎደለውን ይመልከት። የቆቦ ሜዳ ውኃ የሚያወጣ ሞተር አለው፤ ጠጋኙ ግን ጥቂት ነው። ከአዲስ አበባ በደሴና በወልድያ አድርጎ ወደ መቀሌ የሚሄደው መንገድ በከተማው ውስጥ ያልፋል፤ የከባድ መኪና መካኒክ ይፈልጋል። በጦርነት የፈረሰው ቤት ግንበኛና አናጺ ይጠብቃል። ሽንኩርት አምራቹም ምርቱ ሳይበሰብስ እንዴት እንደሚቆይ የሚያውቅ ሰው ይሻል።

ከሁሉ በላይ መታገሥ ያስፈልጋል። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ደመወዛቸው ጥቂት፥ ቅባታቸው ብዙ ነው። በስድስት ወር ባለ ሙያ ነኝ ብሎ የሚወጣ ልጅ የሰው ሞተር ያቃጥላል፤ ስሙንም አብሮ ያቃጥላል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደ ተባለ፥ በችኮላ የተያዘ ሙያ በችኮላ ይጠፋል።

ልጆች ሆይ፥ በበጋ ሌሊት በቆቦ ሜዳ ውኃ በቦይ ሲወርድ ድምፁ ይሰማል። በዚያ ሰዓት ገበሬው ተኝቷል፤ ሽንኩርቱም ይጠጣል። ያ ውኃ እንዲወርድ ያደረገው ሰው ስሙ በግድግዳ ላይ በተሰቀለ ወረቀት ላይኖር ይችላል። ገበሬዎቹ ግን ሁሉም ያውቁታል፤ ሞተሩ በቆመ ቀንም የሚጠሩት እርሱን ነው።